ክርክር፦ ሽፋን የለበሰው ፒክአፕ ሻንሲ አለው ወይስ የለውም?

የፒያሳው (ጥያቄ አቅራቢ)፦
ገና ለገበያ ያልቀረበ የአንድ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ሦስት ፎቶዎች ከትናንት ጀምሮ እየተዘዋወሩ ነው። መኪናው ከፊት እስከ ኋላ ዓይን በሚያጭበረብር ጥቁርና ነጭ ጥምዝምዝ ሥዕል ተሸፍኗል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ እንደ ሃይሉክስ ጋቢናውና የጭነት ሳጥኑ ሻንሲ (ከሥር የሚሸከማቸው ወፍራም የብረት መሠረት) ላይ ለየብቻ የተቀመጡለት ነው ወይስ እንደ አውቶሞቢል አንድ ወጥ? እኔ አንድ ወጥ ነው ባይ ነኝ። ሻንሲ ያለው መኪና ጭኖ ኮረኮንች ሲገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ጋቢናና ሳጥን እንዳይፋተጉ በመካከላቸው ክፍተት ግድ ነው። እዚህ ላይ ክፍተት የለም።

የሜክሲኮው፦
ወንድሜ፣ አጉልተህ እየው እንጂ! ክፍተቱ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ከጣሪያው ጫፍ እስከ ሳጥኑ ጠርዝ ጥቁር ጨርቅ ተወጥሯል፤ ስፌቱ እንኳ ይለያል። ሽፋኑ የተሠራው አንተ የምትፈልገውን ነገር ለመደበቅ ነው። ደግሞስ ክፍተት ቢታይ ምን ይመሰክራል? የመጀመሪያው ሆንዳ ሪጅላይን ጋቢናና ሳጥኑ ወጥ መሆናቸው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ግን በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር ተደርጎለት እንደ ሌሎቹ ፒክአፖች መሰለ፤ ሥሪቱ ግን ያው አንድ ወጥ ነው።

የካዛንቺሷ፦
ሦስተኛውን ፎቶ ማንም አላነሣውም። ከኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ተደራርበው የሚታዩት ጠፍጣፋ ብረቶች ባሌስትራ ናቸው። ባሌስትራ ካለ ሻንሲ አለ።

የሶማሌ ተራው፦
ባሌስትራ ብቻውን አይመሰክርም፣ ልጄ። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1992 ሞዴል ሆኖ የወጣው ጂፕ ኮማንቺ ከኋላ ባሌስትራ ነበረው፤ ጋቢናው ግን በሻንሲ ላይ ተለይቶ የተቀመጠ አልነበረም። በተቃራኒው ኒሳን ናቫራ ከኋላ በባሌስትራ ፈንታ በጥቅል ሞላ (ስፕሪንግ) የተሠራም አለው፣ ሻንሲው ግን ሙሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የቢዋይዲ ሻርክማ አራቱም ጎማዎቹ ለየብቻ እየተንቀሳቀሱ ከሥሩ ሻንሲ አለው።

እኔ የማምነው ሁለተኛውን ፎቶ ነው። ከዝቅታ ስለተነሣ ከበሩ ሥር ያለው ይታያል። ከፊት ጎማው ጀርባ የሚጀምር ወፍራም ብረት ጋቢናው የሚያበቃበትን ቦታ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። በብረቱና በበሩ ደፍ መካከል ብርሃን ያልፋል፤ ብርሃኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ክብ ጥቁር ነገር አለ። ያ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍበት ላስቲክ ነው። ስፈታውና ስገጥመው የኖርኩት ስለሆነ አይጠፋኝም።

የፒያሳው፦
ጋሼ፣ የሚሉት ብረት የባትሪ መከላከያ ቢሆንስ? መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እኛን የሚመለከተን ኤሌክትሪኩ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚነጠፈው ደግሞ እዚያው በሮቹ ሥር ነው።

የሶማሌ ተራው፦
የባትሪ መከላከያ ጠፍጣፋ ነው፤ ከኋላ ጎማው በፊት ያበቃል። ይህ ግን የኋላ ጎማዎቹ አክስል ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ታጥፎ ይቀጥላል። ይህን የሚያደርግ ሻንሲ ነው።

የሜክሲኮው፦
ነገሩን የምንከራከርበት ለወሬ አይደለም። ሻንሲ ያለው መኪና ሲጋጭ የተጎዳው ሳጥን ብሎኑ ተፈትቶ ይለወጣል። አንድ ወጡ መሠረቱ ከተጣመመ ግን ልክ በሚወስድ መሣሪያ ላይ ታስሮ በሚሊሜትር መመለስ አለበት። በመዶሻና በዓይን ግምት የተመለሰ እንደሆነ ጎማ ይበላል፣ በሩም በወጉ አይዘጋም። በከተማችን ያንን መሣሪያ የያዘ ጋራዥ ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን የማወቅ መብት አለው።

የካዛንቺሷ፦
ጥገናው ላይ እስማማለሁ። ነገር ግን አንድ ወጡን ሁሉ ደካማ አታድርጉት። አንድ ወጥ የሆነው ፎርድ ማቬሪክ የሚጭነው 680 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በብራዚል የሚመረተው ባለ ናፍጣው ፊያት ቶሮ ግን እሱም አንድ ወጥ ሆኖ 1,000 ኪሎ ግራም ይጭናል። ከካዛንቺስ አራት ኪሎ ሰውና ወረቀት ይዞ ለሚመላለስ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ከባድ ሻንሲ ምን ያደርግለታል? እኔ ብገዛ አንድ ወጡን እመርጣለሁ። ፎቶው ላይ ያለው ግን እሱ አይደለም፤ ጋሼ ያሉት ልክ ነው።

የፒያሳው፦
እኔ ከአቋሜ አልተነቃነቅኩም። ጋቢና በአንድ ላስቲክ አይቆምም። ክቡ ጥቁር ነገር የተባለውን ከሆነ በዚያው ብረት ላይ ወደ ፊት ሌላ መኖር አለበት። እሱን ያሳየኝ ሰው ካለ ክርክሩ ይለቅ።

የሶማሌ ተራው፦
ከፊት በሩ ማጠፊያ ሥር አጉላው። ግማሹን ጭቃ ሸፍኖታል፣ ብሎኑ ግን ይታያል።