ያገለገለ ልብስ መሸጫ አፕ፦ ኮሌታውን በስልክ እንዴት ልገልብጠው?

የሳቢያኗ (ጠያቂ)

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም ጭምር። ሰው ቁም ሳጥኑ ውስጥ የተረሳ ልብሱን የሚሸጥበት አፕ እየሠራሁ ነው። ኮዱ አይደለም ያስቸገረኝ።

እናቴ አሸዋ ገበያ ሳልቫጅ ስትገዛ አብሬያት እየዞርኩ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ ኮሌታውን ትገለብጣለች። ብብቱን ወደ ፀሐይ ታነሳለች። ዚፑን ከፍታ ትዘጋለች፣ ደግማ ትከፍታለች። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት ታደርግና «ይሄ ሦስት እጥበት አይችልም» ብላ ጥላው ትሄዳለች። ሻጩ ከኋላ ዋጋ እየቀነሰ ይጣራል። አትዞርም።

እኔ ደግሞ አፑ ላይ «አዲስ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ» የሚል ምርጫ አስቀመጥኩ። ከሞካሪዎቼ አንዷ «በጣም ጥሩ» ብላ የለጠፈችውን ሸሚዝ ራሴ ገዛሁ፤ ከዚራ ተገናኝተን ተረከብኩ። ቤት ገብቼ ሳየው ኮሌታው እጥፋቱ ላይ አልቆ ክሩ ወጥቷል። ደወልኩላት። «እኔ እኮ አሁንም ለብሼው ብወጣ አላፍርም» አለች። አልዋሸችም፤ ለሷ በጣም ጥሩ ነው።

ሳይዙም ያው ጣጣ ነው። ኤል የሚል ገዝቼ እጅጌው ክርኔ ላይ የቆመበት ጊዜ አለ። ምን ብታደርጉ ነው ሳትነኩት የምትገዙት?

ልብስ ሰፊው

እህቴ፣ እኔ ሐረር መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ነኝ። ስሙን ያወጣለት የእኛው የስፌት መኪና ጩኸት ነው፤ ስለዚህ ስለ ሳይዝ ከኛ ወዲያ ላሳር።

ኤል፣ ኤም የሚለውን እርሺው። ልብሱ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ከብብት እስከ ብብት ስንት ሴንቲ፣ ከትከሻ እስከ ታች ስንት ሴንቲ፣ በቃ። ገዢውም የሚስማማውን የራሱን ሸሚዝ ዘርግቶ ይለካና ያስተያያል። ገላውን አይለካ፤ ሆዱን ስቦ ነው የሚለካው።

ሜትር የሌለው ሻጭ ኤፎር ወረቀት ከልብሱ አጠገብ አድርጎ ፎቶ ያንሳ። ወረቀቱ የትም አገር 21 በ29.7 ሴንቲ ነው፤ ገዢ በዓይኑ ይገምታል። ከላይ ቀጥ ብሎ ይነሳ እንጂ ሰያፍ ከሆነ ያሳስታል።

አንድ ልጨምር። ሰፊውን ማጥበብ ቀላል ነው። ጠባቡን ማስፋት ግን ውስጡ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ካለው ብቻ ነው። የጎኑን ስፌት ገልብጠው አንድ ፎቶ ያንሱት። ይቺ ፎቶ ከሌለች ሰውዬው ይገዛና እኔ ጋ መጥቶ «አስፋልኝ» ይላል፣ ከኔ ጋ ይጣላል።

ደቻቱ ማዶ

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ሰው ካስገባሽ አፑን በዚያው ቀን አጠፋዋለሁ። ዋጋ መጻፍ ግዴታ ይሁን። ግን ድርድሩን አትከልክዪ፤ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚል ቁልፍ አድርጊለት።

ብሩን በተመለከተ ቪንትድን፣ የአውሮፓውን ያገለገለ ልብስ መሸጫ አፕ እዪ። ሻጭ አይከፍልም፤ ገዢ ነው ትንሽ የጥበቃ ክፍያ የሚጨምረው። ዕቃው ከደረሰው በኋላ 2 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ብሩ ለሻጭ ይለቀቃል። ይሄን እንዳለ እንዳትገለብጪው ግን። የሰው ብር ይዞ ማቆየት የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ለጊዜው ገዢ በአካል አገላብጦ አይቶ እዚያው በቴሌብር ይክፈል።

ቦንዳ ነጋዴም አታስገቢ። ልባሽ ጨርቅ ከውጭ አስገብቶ መነገድ ክልክል ነው፤ ያንቺ ሰው የራሱን ቁም ሳጥን የሚያራግፍ ይሁን።

አቦ ተረጋጉ

ከ7 እስከ 9 ሰዓት ማሳወቂያ እንዳትልኪ። ድሬ ወይ ተኝታለች ወይ በርጫ ላይ ናት። ደግሞ ወፍራም ጃኬት እኔ ስልክ ላይ ምን ይሠራል? በዚህ ሙቀት! ለሐረሮቹ አሳዪያቸው፤ እነሱ ማታ ይበርዳቸዋል። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ሹፌር ይላካል።

የሳቢያኗ

አቦ ተባረኩ። «በጣም ጥሩ» የሚለውን አጠፋሁት። አሁን አራት ፎቶ ካልገባ አይለጠፍም፦ ኮሌታ በውስጥ በኩል፣ ብብት፣ የጎን ስፌት፣ ከወረቀት ጋር ሙሉ ልብሱ። የጃኬቱንም ነገር ከተማ እያየ እንዲያሳይ አደርገዋለሁ። በሹፌር ሲላክ ግን ማን አገላብጦ ይከፍላል? እሱ ገና አልገባኝም።

ትናንት ማታ ለእናቴ ሰጠኋት። ብብቱን በጣቷ አጉልታ አጉልታ አየችው። መነጽሯን አውልቃ ደግማ አየችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና «ዚፑንስ?» አለች።

የ5 ሰከንድ ቪዲዮ ብጨምር ዳታችሁን ይበላባችኋል?