ኮረል ኤክስ3 ይበቃናል ወይስ እንቀይር?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ባነርና ስቲከር ቤት ነው የምሰራው፣ እስካሁን ኮረልድሮው ኤክስ3 ላይ ነን፣ በፈረንጅ የ2006 የዲዛይን ሶፍትዌር ማለት ነው። እኔ እንቀይር እላለሁ፣ ባለቤቱ ደግሞ እየሰራ ያለውን ምን አነካካህ ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ስቲከር ቆራጩ፦ ባለቤቱ ልክ ነው ባክህ። የኛ ፕሎተር (ስቲከር መቁረጫው ማሽን) ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ድራይቨሩ ከዊንዶውስ 7 አያልፍም፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ጭራሽ አያውቀውም። ባነር ደግሞ ስም፣ ስልክ፣ ፎቶ፣ በቃ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላው ገና ሎድ እያደረገ እኔ ፕሪንት አዝዣለሁ።

ሎጎ ሰሪዋ፦ እሱ ላንተ ነው። እኔ ጋ ደንበኛ የድሮ ሲዲአር (የኮረል) ፋይል ይልካል፣ ስከፍተው አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ! የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ኮድ ላይ ነው የለጠፉት፣ ፎንቱ ከሌለሽ አለቀልሽ። ዩኒኮድ፣ ለየፊደሉ የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ፣ ግዕዝን ያስገባው እኮ በፈረንጅ 1999 ነው። መፍትሄ ብለው ኮንትሮል ኪው ተጭነው ኮርቭ ያደርጉታል፣ ጽሁፉ ስዕል ይሆናል ማለት ነው፣ ከዛ የደንበኛው ስልክ ሲቀየር እንደ አዲስ መጻፍ ነው፣ ያውም ያንኑ ፎንት ከየትም ፈልገሽ።

ስቲከር ቆራጩ፦ ይሄ የፎንቱ ጥፋት እንጂ የኮረል አይደለም።

ሎጎ ሰሪዋ፦ እሺ፣ ግን አብረው ነው የሚኖሩት፣ የድሮ ፕሮግራም ያለበት ቤት የድሮውን ፎንት አይለቅም።

የድሮ ማክ ተጠቃሚ፦ ፍሪሃንድን፣ እንደ ኮረል ያለውን የዲዛይን ፕሮግራም፣ የሚያስታውስ አለ? አዶቢ በፈረንጅ 2005 ላይ ባለቤቱን ማክሮሚዲያን ገዛ፣ 2007 ላይ ፍሪሃንድን ማሻሻል አቆመ። ወዳጆቹ 2011 ላይ አሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነገሩ በስምምነት አለቀ፣ ፕሮግራሙ ግን አልተመለሰም። በዛው ዓመት አፕል ላየን የሚባለውን የማክ ሲስተም ሲያወጣ የድሮ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደውን ሮዜታን ስላነሳ አዲስ ማክ ላይ መክፈትም ቀረ። ፋይሎቻችሁን ቶሎ ሌላ ፕሮግራምም ወደሚከፍታቸው ፒዲኤፍና ኤስቪጂ ቀይሩ፣ ሌላው ይደርሳል።

ባለ ማተሚያ ቤት፦ ዶላሩን ማን ይከፍላል ልጆች? የአዶቢው ኢሉስትሬተር በየወሩ ነው የሚከፈለው፣ ብር ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ተማሪው፦ ጋሼ ኢንክስኬፕ የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም እኮ በነጻ ነው፣ ሲዲአርም ይከፍታል። ሌላውን፣ አፊኒቲንም፣ ካንቫ በፈረንጅ 2025 ላይ ነጻ አድርጎታል።

ባለ ማተሚያ ቤት፦ ኢንክስኬፕ ሲኤምዋይኬ (የህትመት ቀለም) ላይ ደካማ ነው፣ ቀይ ብዬ የላክሁት ቡኒ ሆኖ ቢወጣ ደንበኛው የሚጮኸው እኔ ላይ ነው።

ሎጎ ሰሪዋ፦ ሎል፣ ኤክስ3ውንስ ገዝታችሁት ነው? አብዛኛው ቤት ክራክ (ያለ ክፍያ የተሰበረ ኮፒ) ነው፣ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ክራኩ ይዞት የሚመጣውን ቫይረስ ተዉት።

ስቲከር ቆራጩ፦ ፕሎተር ግዙልኝና ነገ እቀይራለሁ 😂

ጠያቂ፦ እሺ ቢያንስ አንዱ ማሽን ኤክስ3 እንደያዘ ለመቁረጫ ይቅር፣ ኢንተርኔቱም ይነቀል፣ አዲስ ስራ በዩኒኮድ ይሁን። ግን የዓመታት ሲዲአር ፋይል አለ፣ አንድ በአንድ ከፍቶ አማርኛውን እንደገና የሚጽፈው ማነው? ባለቤቱ የትርፍ ሰዓት ይከፍላል ወይስ ያው እኔው ነኝ?