«ጎጃም ውስጥ ገዳይ አይጠፋም» ያሉት መምህር

የማርቆሱ፦ ቅዳሜ እዚህ ማርቆስ የመጽሐፍ ውይይት ነበር። ስለዚያ አዲስ የወንጀል ልብ ወለድ። አረቄ የማይለየው ኮማንደርና ትዳሯ ፈርሶ እንቅልፍ ያጣችው ኢንስፔክተር የ1985ቱን የወፍጮ ቤት ግድያ እንደገና የሚቆፍሩበት። አንድ መምህር ተነሡና «ጎጃም ውስጥ ገዳይ አይጠፋም፤ ይህ ዓይነቱ ታሪክ የፈረንጅ ነው፤ ለእኛ አይሆንም» ብለው ቁጭ አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ! እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

የቢቸና ልጅ፦ ምኑ ነው ያናደደህ? እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ ሰው ቢገደል ሳይመሽ ሕፃን ሽማግሌው ገዳዩን ያውቀዋል። ገዳዩ ቆላ ይወርዳል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል። መርማሪው ምን ሊመረምር ነው?

እማዋይሽ፦ ገዳይ ካልጠፋ አባቶቻችን አውጫጭኝ የሚቀመጡት ለሽርሽር ነበር? አገሬው ሥራ ፈቶ ሜዳ ላይ የሚውለው፣ ወንጀለኛው ካልወጣ ሁሉም ዕዳ የሚከፍለው ለምን ነበር? ሌባ ሻይስ? ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ የወደቀበትን ቤት «ሌባው ይህ ነው» ማለት? ምርመራ ከውጭ የመጣ ነው የሚለኝ ሰው ይገርመኛል።

የቢቸና ልጅ፦ ሌባ ሻይ ለሌባ ነው። የምናወራው ስለ ገዳይ ነው።

እማዋይሽ፦ አውጫጭኙን ዘለልከው።

የቢቸና ልጅ፦ አልዘለልኩም። አውጫጭኝ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቃል። አይናገርም እንጂ።

የማርቆሱ፦ ይኸው ራስህ ተናገርከው! መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ኮማንደሩ ገና በሦስተኛው ምዕራፍ ገዳዩን ያውቀዋል። ቀሪው ምስክር ፍለጋ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም። ቄሱ ዝም። የሟች ሚስት እንኳ ዝም። እኛ ዘንድ የሚጠፋው ምስክር ነው። መምህሩ ግማሹን ብቻ አንብበው ነው የመጡት።

ዳሞት፦ ኮማንደሩን ሰካራም ማድረግስ ምን አስፈለገ? ፖሊስ ሁሉ ጠጪ ነው እንዲባል?

እማዋይሽ፦ ዕድሜውን ሙሉ ሬሳ ሲያነሣ የኖረ ሰው ወተት ይጠጣልህ?

ጠበቃው፦ እኔ የተናደድኩት በሌላ ነው። የ1985 ግድያ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አልፎታል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣው ወንጀል እንኳ ይርጋው 25 ዓመት ነው። ኢንስፔክተሯ በ2016 ካቴና ይዛ ስትሮጥ ሳይ መጽሐፉን ከደንኩት።

ደጀን በር፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28ስ? በይርጋ አይታገድም ይላል እኮ።

ጠበቃው፦ እስከ መጨረሻው አንብበው ወንድሜ። እሱ በሰው ልጅ ላይ ለተፈጸሙ ወንጀሎች ነው። ዘር ማጥፋት፣ ሰው መሰወር፣ የመሳሰለው። በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ለተገደለ ሰው አይሆንም።

እማዋይሽ፦ ከከደንከው መጨረሻውን አላየህማ! ካቴናው ማንም እጅ ላይ አይገባም። ዐቃቤ ሕጉም «ጊዜው አልፏል» ይላታል። እሷ ቀድማም ታውቀዋለች። የሟች ልጅ ነገሩን ከገዳዩ አፍ እንዲሰማ ነው የደከመችው።

ዳሞት፦ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። እርቅ ወርዷል። የሁለቱ ቤት ልጆች ተጋብተዋል ይላል መጽሐፉ ራሱ። የደረቀ ደም ማርጠብ ለማን ይበጃል? ነገ ቂም ቢነሣ እሷ ባሕር ዳር ገብታ ትተኛለች።

ጠበቃው፦ ሽማግሌ አስታረቀ ተብሎ የግድያ ክስ አይቀርም። ቢበዛ ቅጣት ያቀልላል።

ዳሞት፦ እስሩን ጨርሶ የወጣ ሰው መንደሩ የሚገባው በማን ነው? በሽማግሌ! ፍርድ ቤት ደመኛ አያስታርቅም።

የቢቸና ልጅ፦ ዳሞት ልክ ብሏል። ጎጃም ውስጥ ገዳይ አይጠፋም።

እማዋይሽ፦ አሁንም! እንደ ውዳሴ ማርያም ትደግማታለህ። ካሳውን ቆጥሮ የተቀበለው ማን ነው? የሟች ወንድሞች። ሚስትየዋን ማን ጠየቃት?

የቢቸና ልጅ፦ ልብ ወለድ ውስጥ ያለች ሴት ሄጄ ልጠይቅልሽ?

እማዋይሽ፦ ጎረቤትህን ጠይቅ። አታጣም።

ደጀን በር፦ ቆይ፣ ሬሳው ለምርመራ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ሲወሰድ መኪናው በየትኛው የአባይ ድልድይ እንዳለፈ ያየ አለ? በ1985 በተንጠለጠለው ድልድይ! ያ እኮ ጃፓኖች በሚሊኒየሙ ሰሞን የሠሩት ነው። ያኔ የነበረው የድሮው ነው።

የማርቆሱ፦ አሁን ይህ ምን አመጣው?

ደጀን በር፦ አባይ በረሃን የማያውቅ ሰው ስለ ጎጃም አይጻፍ። ደራሲው የየት ነው ለመሆኑ?

ጠበቃው፦ የሞጣ ነው አሉ።

የቢቸና ልጅ፦ ታዲያ! ሞጣዎች በደጀን መቼ አልፈው ያውቃሉ?

ደጀን በር፦ እንዴ! የሞጣ መኪና በቢቸና አድርጎ ደጀን ነው የሚወጣው። አንተ በእውነት የቢቸና ልጅ ነህ?

የቢቸና ልጅ፦ የአባቴን ቤት ላሳይህ?

ዳሞት፦ መጽሐፉን ያነበበ ስንት ሰው ነው እዚህ ያለው? ጠበቃው ግማሽ ላይ ከድኗል፣ የቢቸናው ገና አልገዛም።

የቢቸና ልጅ፦ ማን ነው አልገዛም ያለህ? የወንድሜን ነው ያነበብኩት።