የቨርቹዋል ማሽን ፓስወርድ ሲረሳ የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ኬቪኤምና ቨርቹዋልቦክስ በሚባሉ የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃዎች እጠቀማለሁ፦ ኬቪኤም ላይ ኡቡንቱ ሊኑክስ፣ ቨርቹዋልቦክስ ላይ ደግሞ ዊንዶውስ 10 አለ። የሁለቱም ፓስወርድ ተረስቷል፤ ዳታው ግን መነካት የለበትም። ምን ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስናፕሾት (ማሽኑ አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያስቀምጥ፣ ኋላ የምትመለስበት ምልክት) ያዝ። ከዚያ ኡቡንቱው ውስጥ የኪውኢሙ ጌስት ኤጀንት (ማሽኑ ውስጥ ሆኖ ከውጭ የሚመጣ ትእዛዝ የሚፈጽም ፕሮግራም) እየሠራ ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልግ። አስተናጋጁ (ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው ዋና ኮምፒውተር) ላይ «ቨርሽ ሴት-ዩዘር-ፓስወርድ» ብለህ የማሽኑን ስም፣ የተጠቃሚውን ስምና አዲሱን ፓስወርድ ትሰጠዋለህ፤ ማሽኑ ሳይጠፋ ይቀየራል። ኤጀንቱ ከሌለ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ ለመጫን ራሱ መግባት ያስፈልጋልና።

መልስ፦ ኤጀንት ለሌለው የኔ ጥቆማ ሊብጌስትኤፍኤስ ከሚባለው የመሣሪያዎች ስብስብ «ቨርት-ከስተማይዝ» ነው። የዲስኩን ፋይል ከውጭ ከፍቶ ፓስወርዱን ይቀይራል። ማሽኑ የግድ መጥፋት አለበት፤ በርቶ እያለ ሁለት ወገን አንድ ዲስክ ላይ ከጻፈ ፋይል ሲስተሙ ይበላሻል። አዲሱን ፓስወርድ ትእዛዙ ላይ ከመጻፍ ከፋይል እንዲያነብ ማድረግ ይሻላል፣ አለዚያ በትእዛዞች ሂስትሪ (መዝገብ) ውስጥ ይቀራል።

መልስ፦ እኔ ግን ግረብን (ሊኑክስን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አስቀድማለሁ፤ ምንም አይጫንም፣ ቨርቹዋልቦክስም ይሁን ቪኤምዌር ያው ነው። ማሽኑ ሲነሳ ሺፍትን ተጭነህ ቆይ፣ ማሽኑ የሚነሳው በዩኢኤፍአይ (በባዮስ ምትክ የመጣው የማስነሻ ሥርዓት) ከሆነ ኢስኬፕን ነካ አድርግ። ሜኑው ሲመጣ «ኢ»ን ተጫን፤ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ «ኢኒት=/ቢን/ባሽ» ጨምረህ በኮንትሮል ኤክስ አስነሳ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ ዲስኩ ለማንበብ ብቻ ስለሚከፈት ፓስወርድ መቀየሪያው «ቶክን» የሚል ስህተት ያወጣል። መጀመሪያ ሥሩን (የፋይል ሲስተሙን ዋና ማውጫ) በ«ሪማውንት» ለመጻፍ ክፈተው። ስትጨርስ «ሲንክ» ብለህ ማሽኑን በኃይል ሪስታርት አድርገው፤ ተራው ሪቡት እዚያ አይሠራም። ፌዶራና ሬድ ሃት ላይ ሥሩ ውስጥ «.ኦቶሪሌብል» የሚባል ባዶ ፋይል ካልፈጠርክ፣ በኤስኢሊኑክስ (የሊኑክስ የደኅንነት ቁጥጥር) ምክንያት በትክክለኛው ፓስወርድም ላትገባ ትችላለህ።

መልስ፦ የዊንዶውሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ጌስት አዲሽንስ (ማሽኑ ውስጥ የሚጫነው የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ ሶፍትዌር) ያድነኛል ብለህ አትድከም፤ ከውጭ ትእዛዝ ለማስኬድ ራሱ ፓስወርድ ይጠይቃል። የሊኑክስ ላይቭ አይኤስኦ (ሳይጫን የሚነሳ የሊኑክስ ዲስክ ፋይል) አስገብተህ፣ «ሲኤችኤንቲፒደብልዩ» በሚባለው መሣሪያ የሳም ፋይሉን (ዊንዶውስ የተጠቃሚዎችን ፓስወርድ መረጃ የሚያስቀምጥበትን) ክፈት። ፓስወርዱን ባዶ አድርገው፣ አዲሱን ከገባህ በኋላ ትሰጠዋለህ። ዲስኩ ለመጻፍ እምቢ ካለ ምክንያቱ ፋስት ስታርትአፕ (ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ቅንብር) ነው፤ ከመግቢያው ስክሪን ሪስታርት ብለህ በዚያው ወደ አይኤስኦው ግባ።

የማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ ይህ ሁሉ አይጠቅምም፤ ፓስወርዱ በኢንተርኔት ነው የሚቀየረው። ቢትሎከር (ዲስኩን በሙሉ የሚመሰጥረው የዊንዶውስ መሣሪያ) ካለ ባለ 48 አኃዙ የማስመለሻ ቁልፍ ያስፈልጋል። በኢኤፍኤስ (ፋይሎችን በተናጠል የሚመሰጥረው የዊንዶውስ መሣሪያ) የተመሰጠሩ ፋይሎች ካሉ ደግሞ ባትነካው ይሻላል፦ ፓስወርዱ ከውጭ ሲሻር እነሱ አይከፈቱም።

ጥያቄ፦ ኢኤፍኤስ የለም፣ አካውንቱም የማሽኑ የራሱ ነው። ኡቡንቱው ላይ ኤጀንት መኖሩን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ያንኑ የቨርሽ ትእዛዝ ሞክረው። ኤጀንቱ አልተገናኘም ካለህ ማሽኑን አጥፍተህ ወደ ቨርት-ከስተማይዝ እለፍ።