የጉማራና የርብ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ የሚገቡበት አፍ፣ የክረምት ዓሣ ማጥመድ መዝጊያ፦ ረቂቅ ለጋራ ማመልከቻ

ሰብሳቢ፦ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ 315/1995ን ይዘን ለክልሉ የምናስገባው ይኸው። ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 15 ከሁለቱም አፍ ግራና ቀኝ 1 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ሐይቁ 500 ሜትር መረብ አይጣልም። ነጭ ዓሣ እንቁላል ሊጥል በወንዙ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት አፉ ላይ ይከማቻል፤ እዚያ የተዘረጋ መረብ የሚጠርገው እንቁላሉን ያልጣለውን ነው። ዝናብ ከዘገየ ዓሣውም ስለሚዘገይ፣ መዝጊያው በመጀመሪያው ሙላት ይጀምር የሚል አማራጭ አለ። የድንበሩ ምልክት ተንሳፋፊ 40 ቢጫ ጀሪካን።

ገንዘብ ያዥ፦ ጀሪካን? በሳምንቱ ውሃ ይቀዳበታል።

የደቅ (የጣና ደሴት) ተወካይ፦ ባለ 20 ሊትር ሐይቅ ላይ ተንሳፎ ማን ዝም ይለዋል።

መረብ ጠጋኝ፦ እጀታውን ቁረጡት፣ ማንም አይነካውም።

ባለ ሞተር፦ እጀታው ውስጡ ክፍት ነው፤ ከተቆረጠ ውሃ ገብቶ ይሰምጣል። በጋለ ብረት ጽሑፍ ተኩሱበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ተኩሰህ ብትበሳውስ?

የደቅ ተወካይ፦ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይተከል።

ባለ ሞተር፦ እምቦጭ በአንድ ሌሊት ነፋስ ገፍቶ ይጥለዋል። ጀሪካን ይሻላል፣ ግን ገመዱ። ሐይቁ ከሰኔ እስከ መስከረም ሜትር ተኩል ገደማ ይሞላል፤ ሰኔ ላይ ልክክ አድርጎ ያሰረ መስከረም ላይ ጀሪካኑን ከውሃ በታች ያገኘዋል። 2 ሜትር ትርፍ ይተው። መልሕቁ በማዳበሪያ ጆንያ 50 ኪሎ ጠጠር ይሁን፤ ውሃ ውስጥ 30 ገደማ ነው የሚመዝነው፣ ከዚያ ካነሰ ማዕበል ይጎትተዋል።

መረብ ጠጋኝ፦ ጠጠሩ ከየት? ከጉማራ እንዳትሉ! ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው እሱ ላይ ነው። አሸዋና ጠጠር የሚጭኑት መኪናዎች ረቂቁ ላይ አንድ መስመር እንኳ የላቸውም፣ እናንተ ስለ እጀታ።

ባለ ሞተር፦ ሞኖ (የነጠላ ክር ናይለን) መረብ ማን እንደሚጥልም መስመር የለውም። ልጥቀስ?

መረብ ጠጋኝ፦ ጥቀስ! ያንተን ጀልባ ጨምረህ።

ሰብሳቢ፦ ተዉ። የጂፒኤስ ነጥቦቹን አነሳለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ስልኩም አይነሳም።

የደቅ ተወካይ፦ በታንኳ የሚያጠምድ ደቅ ዙሪያውን ነው የሚሠራው፣ ጉማራ አፍ ድረስ አይመጣም። ማመልከቻው ውስጥ ለኛ ምን አለ? የማድረቂያ አልጋ ይጨመር። ክረምት ላይ ዓሣው መሬት ላይ ተሰጥቶ ይተላል፤ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ያለ፣ በወንፊት የተሸፈነ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ይሻላል። ማመልከቻውን የሚያየው ጽሕፈት ቤትም የሚነካ የሚጨበጥ ነገር ነው የሚወደው።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ አሻሽያለሁ። 6 የማድረቂያ አልጋ ከነወንፊቱ፣ አንድ የጥበቃ ጀልባ፣ 12 ጀሪካን። መዝጊያው ጉማራ ብቻ፣ ነሐሴ ብቻ። ርብ ለከርሞ። የጠጠሩን ጭነት በደብዳቤ እንጠይቃለን።

መረብ ጠጋኝ፦ ነሐሴ ብቻ? መስከረምም እኮ ይወጣል። ሙላቱስ ከዘገየ?

ባለ ሞተር፦ 12 ጀሪካን ለ2 ኪሎ ሜትር አይበቃም።

ገንዘብ ያዥ፦ ክዳኑ ይጣበቃል ወይስ ይታሰራል? ማስቲሹን በጀት ውስጥ አላየሁትም።