75 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ትራክተሮች፣ በክብደት ግን 1 ቶን ይለያያሉ፦ ለበቾ መረሬ የቱ ይሻላል?

ሰበታ ዙሪያ
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ያለነው ሰበታ ነው፤ ማሳው ግን በቾ ሜዳ ላይ፣ ወደ ቱሉ ቦሎ በሚወስደው መንገድ ነው። አብዛኛው መረሬ (ሲረጥብ የሚጣበቅ ጥቁር) አፈር ነው። ሁለት ትራክተር እያወዳደርን ነው። ሁለቱም 75 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ቱርቦ (ለሞተሩ አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌላቸው። አንዱ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ሆኖ 2,400 ኪሎ ይመዝናል፤ ሌላው ፎርዊል ሆኖ 3,400 ኪሎ። ዋናው ሥራ በባለ 3 ዲስክ ማረሻ ለጤፍና ለሽምብራ ማረስ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ እናስራለን፤ አልፎ አልፎም 5,000 ሊትር የውኃ ቦቴ እንጎትታለን። ጉልበታቸው እኩል ከሆነ የክብደቱ ልዩነት ምን ያመጣል? ቀላሉን ገዝተን ብረት ብንጭንበትስ?

ዲፈረንሻል
የፈረስ ጉልበት ብቻውን ስለ ጉተታ አይነግራችሁም። 1 የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎን በሰከንድ 1 ሜትር ማንሳት ነው። ከዚህ የሚወጣው የማሳ ስሌት ቀላል ነው፦ የጉተታውን ኪሎ በሰዓት በሚኬደው ኪሎ ሜትር አባዝታችሁ ለ270 አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ማረሻው ጋ መድረስ ያለበት የፈረስ ጉልበት ነው።

በእናንተ ማረሻ እንየው። 3 ዲስክ ወደ 80 ሳንቲም ስፋት ይቆርጣል፤ 20 ሳንቲም ጥልቀት ሲገባ 1,600 ካሬ ሳንቲም አፈር ይገለብጣል ማለት ነው። መረሬ እርጥበቱ ልክ ሲሆን ለአንድ ካሬ ሳንቲም 0.8 ኪሎ ገደማ ጉተታ ይፈልጋል፤ ሲደርቅ 1 ኪሎ ይደርሳል፣ ያልፋልም። በ0.8 ብናሰላ 1,280 ኪሎ ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ 24 የፈረስ ጉልበት ይበቃል።

አሁን ሞተሩን እንየው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ያህል ያጣል። በቾ 2,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ 75ቱ ወደ 60 ይወርዳል። ከካምቢዮና ከዲፈረንሻል ብክነት ሌላ ጎማው ራሱ በለሰለሰ መሬት ላይ ብዙ ይበላል፤ ማረሻው ጋ የሚደርሰው ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። 30 በሉት። ስለዚህ በሁለቱም ትራክተሮች ሞተሩ አያንሳችሁም። የሚያንሰው መሬት የመያዝ አቅም ነው።

ጎማ በጠንካራ ገለባ መሬት ላይ በላዩ ካለው ክብደት ግማሽ ያህሉን ይጎትታል፤ በለሰለሰ ወይም በረጠበ መሬት ሲሶ ቢጎትት ነው። ቀላሉ ትራክተር ከ2,400 ኪሎው 65 በመቶ ገደማው የኋላ ጎማ ላይ ነው፤ 1,560። ማረሻው ወደ ታች የሚጭነውንና ሲጎትት ከፊት ወደ ኋላ የሚዞረውን ክብደት 600 ብንል 2,160 ይሆናል። ግማሹ 1,080 ነው። 1,280 ለሚፈልግ ማረሻ አይበቃም። ሞተሩ ገና ሳይደክም ጎማው ይፈትላል፣ ማለትም ወደፊት ሳይሄድ በከንቱ ይዞራል፤ ናፍጣውም እዚያው ያልቃል። ከባዱ ግን በአራቱም ጎማ ስለሚነዳ ሙሉ ክብደቱ ይሠራል፦ ማረሻው የሚጭነው ተደምሮ 3,800 ቢሆንና 45 በመቶውን ቢይዝ 1,700 ኪሎ ይጎትታል። ደረቅ መረሬንም ይወጣዋል።

በዝግታ ለሚታረስ ከባድ መሬት በአንድ የፈረስ ጉልበት ወደ 60 ኪሎ፣ ፈጠን ብሎ ለሚሠራ ቀላል ሥራ ወደ 50 ኪሎ ክብደት ይታሰባል። ከፍታው የሞተሩን ጉልበት ቀነሰ እንጂ የብረቱን ክብደት አልቀነሰም፤ ስለዚህ የትራክተሩን ኪሎ ለቀረው 60 የፈረስ ጉልበት አካፍሉ። ቀላሉ 40 ይመጣል፣ ከባዱ 57። እኔ ለበቾ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ጎሚስታ
ብረት ስለመጫን ለጠየቃችሁት። ይቻላል፣ ግን ገደብ አለው። ርካሹ ክብደት ውኃ ነው። የኋላ ጎማው 16.9-30 ከሆነ ሦስት አራተኛው ሲሞላ በእያንዳንዱ ጎማ 250 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለሁለቱ ግማሽ ቶን። አሞላሉ እንዲህ ነው፦ አክስሉን በክሪክ አንሱና በእንጨት ደግፉ፣ ባልቦላው ከላይ እንዲሆን ጎማውን አዙሩ፣ ንፋሱን አስወጡ፣ የባልቦላውን ልብ ፍቱና ውኃውን አስገቡ። ውኃው በባልቦላው መፍሰስ ሲጀምር በቃ፤ ሦስት አራተኛው ማለት ያ ነው። ከዚያ ልቡን መልሱና ንፋስ ሙሉ። ከዚህ አልፎ የተሞላ ጎማ የሚለጠጥበት አየር ስለማይኖረው ድንጋይ ሲመታ ክሩ ይበጠሳል። ቅዝቃዜ ባለባቸው አገሮች ውኃው እንዳይረጋ ካልሲየም ክሎራይድ ይጨምሩበታል፤ እዚህ አታስገቡት። የሱሉልታ ውርጭ የጎማ ሙሉ ውኃ አያረጋም፤ ይህ ጨው ግን ካላማዳሪ ቢተነፍስ ቸርኬውን በዝገት ይጨርሰዋል።

የፊቱን አትርሱ። ማረሻው ሲነሳ ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው የፊት ጎማ ላይ መቅረት አለበት፤ አለዚያ መሪው ይቀልና ቦይ ስትሻገሩ ፊቱ ይነሳል። ለዚህ የፊት ብረት ያስፈልጋል።

ቀላሉን ትራክተር ወደ 3,400 ማድረስ ግን አልመክርም። የክብደቱ ልዩነት ከሰውነቱ ውፍረት የመጣ ነው፤ የከባዱ ካምቢዮ፣ የኋላ አክስል ቤትና ሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ወፍራም ናቸው። ቀላል ትራክተር ከአቅሙ በላይ ሲጎትት ጎማው በመፍተል ያመልጣል፤ ያ ለማርሹ መከላከያ ነው። በክብደት ብዛት እንዳይፈትል ከተደረገና በ1ኛ ማርሽ ሙሉ ጉልበት ከተሰጠው ኃይሉ የሚያርፈው ፍሪሲዮኑና የመጨረሻው ማርሽ ጥርስ ላይ ነው። የሴሚያስ ኩሽኔታና የዘይት መያዣ ጎማው ቀድመው ያልቃሉ። በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ክብደትና በጎማው ጎን ያለውን የጭነት ልክ ሳታዩ ምንም አትጨምሩ።

ድርቆሽ
የሱሉልታው ሥራ ሌላ ነው። ቤለር (የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን) ጉልበቱን የሚወስደው ከፒቲኦው (ከትራክተሩ ኋላ ከሚዞረው ዘንግ)፣ በደቂቃ 540 ዙር ነው፤ ጎማው መሬት እንዲቧጥጥ አይጠይቅም። ለትንሹ አራት ማዕዘን ቤለር 35 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ይበቃል፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሞተሩ ጉልበት ሩቡን ቀንሳችሁ አስቡ። በሁለቱም ትራክተሮች ይሠራል። ክብደት እዚያ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የሣር ሜዳው በጥቅምት ታችኛው ገና እርጥብ ነው። የላዩን አፈር የሚጠቀጥቀው የጎማ ንፋስ ብዛት ነው፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን ግን አክስሉ ላይ ያለው ጭነት ይወስነዋል፤ ንፋስ በመቀነስ አይድንም። ስለዚህ ለእርሻ የጫናችሁትን ብረት ለድርቆሽ አውርዱት።

ቦቴው ላይ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። 5,000 ሊትር ውኃ 5 ቶን ነው፤ ታንከሩና ሻሲው ሲጨመር 6.5 ቶን በሉት። 10 በመቶ ዳገት ላይ 650 ኪሎ፣ የአፈር መንገዱ መጎተት ደግሞ 250 ገደማ፤ መንገዱ ደረቅ ከሆነ ከባዱም ቀላሉም ያወጣዋል። ሲወርድ ግን የራሱ ፍሬን የሌለው 6.5 ቶን 2,400 ኪሎውን ትራክተር ከኋላ ገፍቶ ያጣጥፈዋል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከትራክተሩ ክብደት መብለጥ የለበትም፤ በዚህ ልክ ለከባዱም ቢሆን ቦቴው ፍሬን ይፈልጋል። ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች በማያያዣው አቆልፉ፣ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ፍሪሲዮን አትርገጡ። በግማሽ የተሞላ ታንከር ውኃው ስለሚወዛወዝ ከሙሉው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። የማያያዣው ቦታም ዝቅተኛው መጎተቻ ብረት ብቻ ይሁን፤ ከአክስሉ በላይ የታሰረ ጭነት ዳገት ላይ ፊቱን አንስቶ ወደ ኋላ ይገለብጣል።

ሰበታ ዙሪያ
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ወደ ከባዱ አዘንብለናል። በእሱም ላይ ውኃ እንሙላ? ፎርዊሉስ ሁልጊዜ ይግባ?

ዲፈረንሻል
ከመሙላታችሁ በፊት መፍተሉን ለኩ። የኋላ ጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ማረሻው አፈር ውስጥ እያለ፣ ፎርዊሉ ገብቶ፣ ጎማው 10 ዙር የሄደበትን መነሻና መድረሻ ችካል ትከሉ። ከዚያ ማረሻውን አንስታችሁ በዚያው ማርሽ ያንኑ ርቀት ሂዱና ዙሩን ቁጠሩ። 9 ከሆነ መፍተሉ 10 በመቶ ነው፣ 8.5 ከሆነ 15። ለፎርዊል ከ8 እስከ 12 ጥሩ ነው። ከ15 ካለፈ ውኃ ጨምሩ፤ ከ8 ካነሰ ክብደት በዝቷል፣ ብረት አውርዱ። አፈሩን በእጃችሁ ጨብጣችሁ እንደ ጭቃ ከተድበለበለ ግን ለካችሁም አልለካችሁም ቀኑ ገና ነው፤ በዚያ ቀን የሚጨመር ክብደት የማረሻውን ወለል ከመድፈን ሌላ ሥራ የለውም።

አስፋልትና ደረቅ ጠጠር ላይ ፎርዊሉን አውጡ። የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ በጥቂት በመቶ ቀድመው እንዲዞሩ ተደርገው ስለተሠሩ ጠንካራ መንገድ ላይ ሁለቱ አክስሎች እርስ በርስ ይጣላሉ፤ የፊት ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ የፊት ዲፈረንሻሉም ይጨነቃል። ለዚሁ ሲባል የፊት ጎማ ስትቀይሩ የመጀመሪያውን ልክ አትልቀቁ፤ የተለየ ልክ ከገባ ጥምርታው ይፈርሳል።