ሳይንሱን ለሕዝብ ማን ይንገር? እናቴ መድኃኒቷን ካቆመች በኋላ የመጣብኝ ጥያቄ

ማለዳ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ወር እናቴ ጋ ሄጄ መነጽሯን ስፈልግ መሳቢያው ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒቷን አገኘሁት። እንደታሸገ ነው። አንድ ፍሬ እንኳ አልወጣለትም። «እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?» ስላት «ትቼዋለሁ» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ስልኳን አምጥታ ቪዲዮውን አሳየችኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ረጋ ብሎ፣ ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ፣ ይህ መድኃኒት ኩላሊት እንደሚያበላሽ «አዲስ ጥናት አረጋግጧል» ይላል። የትኛው ጥናት? ማን ሠራው? መቼ? ስንት ሰው ላይ? ሦስቴ ደጋግሜ አየሁት፣ አንዱንም አይናገርም። መጨረሻ ላይ ግን የሚሸጠውን ዱቄት ያሳያል።

ግፊቷን ለካናት። 172 በ98። «ምንም አይሰማኝም» ነው የምትለው፣ እውነትም አይሰማትም፣ የዚህ በሽታ ክፋቱ ይኸው አይደል። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ኩላሊትን የሚጎዳው ራሱ ከፍ ያለው ግፊት እንደሆነ፣ መድኃኒቱም የሚታዘዘው ልቧንና ኩላሊቷን ለማዳን ጭምር እንደሆነ ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ እንዲህ አለችኝ፦ «እሱ እኮ አሥር ደቂቃ ሙሉ አስረድቶኛል። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ጽፎ ነው የሰጠኝ።»

መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጥናቱን የሚሠሩት ሰዎች የት ናቸው? ለምን አንሰማቸውም? መንገር ያለበት አጥኚው ነው፣ ጋዜጠኛው፣ ሐኪሙ፣ ወይስ ለዚሁ የሠለጠነ ሌላ ሰው? ሙያው ውስጥ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።


ማይክሮስኮፕ፦

ማለዳ፣ የእናትሽ ንግግር እኔንም ነካኝ። የት ናችሁ ካልሽ እኔ አንዱ ነኝ። ላብራቶሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ።

ዝም የምንለው ሰውን ንቀን አይደለም። ሥራችን የሚለካው ባሳተምነው ጽሑፍ ነው፣ ለሰው ባስረዳነው አይደለም። ከዚያም በላይ አደባባይ ወጥቶ የሚናገር አጥኚ በባልደረቦቹ ፊት ይቀላል። ካርል ሴጋንን የሚያህል የፕላኔቶች ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ታጭቶ ድምፅ አልበቃውም። ቴሌቪዥን ላይ መታየቱ ነው የጎዳው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ያው አካዳሚ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሕዝብ ላበረከተው አገልግሎት ሜዳሊያ ሰጠው። ይህን ያየ ወጣት አጥኚ አፉን መዝጋት ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ዝምታው ብቻ ግን አይደለም ጥፋታችን። የራሴን ልንገርሽ። አይጥ ላይ የሠራነው ሥራ ሲታተም የተቋማችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ጋዜጣዊ መግለጫ አዘጋጅቶ ላከልኝ። ርዕሱ ውስጥ «አይጥ» የሚል ቃል የለም። «ለታማሚዎች አዲስ ተስፋ» ይላል። አመሻሽ ላይ ነበር፣ ነገ ጠዋት ይወጣል ተባልኩ፣ አለቃዬም የምርምር ገንዘብ ለማግኘት ይረዳናል ብሎ ደስ ብሎታል። «እሺ» ብዬ መልሼ ላክሁት። አንዲት ቃል ማስገባት ነበረብኝ፣ አላስገባሁም። በሳምንቱ አንድ አባት ደወሉልኝ። ልጃቸው ታሞባቸው መድኃኒቱ የት እንደሚገኝ ነው የሚጠይቁት። መድኃኒት እንደሌለ፣ ቢሳካ እንኳ ብዙ ዓመት እንደሚቀረው ስነግራቸው ዝም አሉ። ያ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በኋላ ነው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት። በ2014 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት ሃያ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ያወጧቸውን 462 ጋዜጣዊ መግለጫዎች ከመነሻ ጽሑፎቻቸው ጋር አስተያይቶ ነበር። እንስሳት ላይ ወይም ሴሎች ላይ የተገኘን ውጤት ለሰው እንደሚሠራ አድርገው ያቀረቡት 36 በመቶ ሆኑ። መግለጫው ካጋነነ ከዜናዎቹ 86 በመቶው አጋነኑ። መግለጫው ካላጋነነ ግን ያጋነኑት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሁልጊዜ ጋዜጠኛውን አንውቀስ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ከእኛ ቤት ሳይወጣ ነው።


የቀድሞ ዘጋቢ፦

ማይክሮስኮፕ እውነቱን ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ፣ ከናንተ ወገን ይህን የሚል ብዙ አልሰማሁም። እኛም ግን ንጹሕ አይደለንም። ዘጠኝ ዓመት የጤና ዜና ሠርቻለሁ፣ ትልቁ ችግራችን ቁጥር ነው።

በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የተቀነባበረ ሥጋ የአንጀት ካንሰር ያመጣል ብሎ ከትምባሆ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ አስገባው። በማግሥቱ «ሥጋው እንደ ሲጋራ ይገድላል» የሚል ርዕስ ያልወጣበት ቦታ አልነበረም። እኔም ተመሳሳይ ጻፍኩ። ምድቡ ግን የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ካንሰር እንደሚያመጣ እርግጠኛ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ስንት ሰው ላይ እንደሚያመጣ ደግሞ ሌላ።

ያኔ የተባለው «የአንጀት ካንሰር አደጋን 18 በመቶ ይጨምራል» የሚለውም እውነት ነው፣ በየቀኑ 50 ግራም ለሚበላ ሰው። ግን ከምን ላይ ነው የሚጨምረው? ከመቶ ሰው በዕድሜ ዘመኑ የአንጀት ካንሰር የሚያገኘው አምስት ያህል ነው። 18 በመቶ ሲጨመርበት ወደ ስድስት ይጠጋል። ከመቶ አምስት የነበረው ስድስት ሆነ ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌው ነበር፣ አዘጋጁ ቦታ የለም ብሎ ቆረጠው። ርዕሱ ግን አልተቆረጠም።

ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር መስሎ ከታያችሁ የ1995ቱን የእንግሊዝ ነገር ተመልከቱ። አንዳንድ አዳዲስ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ከመንግሥት ወጣ። በእጥፍ የተባለው ከ7000 ሴቶች አንዷ ላይ የነበረው ሁለት ሴቶች ላይ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ገደማ ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ ደግሞ ደም የማርጋት ዕድሉ ከእንክብሉ ይበልጣል። ማንም አልዋሸም እኮ! «በእጥፍ» ትክክለኛ ቃል ነው። የጎደለው «ከስንት?» የሚለው ብቻ ነበር።


የማታ ፈረቃ፦

ነርስ ነኝ። ሁላችሁም ስለ ተናጋሪው ነው የምታወሩት፣ እኔ ስለ ሰሚው ልጨምር።

የማለዳ እናት ሞኝ አይደሉም። ጊዜ የሰጣቸውን ሰው ነው ያመኑት፣ ማናችንም እንዲሁ ነን። እኔ በምሠራበት ክፍል በአንድ ፈረቃ የማየው ሰው ብዛት አሥር ደቂቃ ለአንዱ እንድሰጥ አይፈቅድልኝም። ያም ሆኖ አንድ የለመድኳት ነገር አለች። መድኃኒቱን ካስረዳሁ በኋላ «ገባዎት?» ብዬ አልጠይቅም፣ ገባኝ የማይል ሰው የለምና። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» እላለሁ። ያኔ ነው የተናገርኩትና የተሰማው ምን ያህል እንደሚራራቅ የማየው። አንድ ሽማግሌ «በቀን ሁለቴ፣ ራሴን ሲያመኝ» አሉኝ። ራስ ምታት የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም ነበር።

ሌላው እርግጠኝነት ነው። መጋቢት 28 ቀን 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ በአየር አይተላለፍም ብሎ በማኅበራዊ ገጹ ለጠፈ፣ «እውነታ» የሚል ቃል ፊት ለፊት አስቀምጦ። በሐምሌ 239 ሳይንቲስቶች ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብለው ግልጽ ደብዳቤ ፈረሙ። በ2021 ድርጅቱ ራሱ በአየር እንደሚተላለፍ ገጹ ላይ ጻፈ። ሐሳብ መቀየሩ ነውር አይደለም፣ ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሄደው። ግን ሰዎች ክፍሌ ድረስ መጥተው «ያኔ ዋሻችሁን?» ይሉኝ ነበር። «እስካሁን ያለን መረጃ ይህ ነው፣ ሊቀየር ይችላል» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ማንም እንዲህ አይጠይቀኝም ነበር። ሰው «አላውቅም» ሲባል ይፈራል ይላሉ። በእኔ ልምድ ሰው የሚፈራው ዛሬ እርግጠኛ ሆኖ ነገ ሌላ የሚናገርን ነው።


ዐለት ቆጣሪ፦

የማታ ፈረቃ ባለችው እስማማለሁ፣ ግን «ጊዜ ያለው ይንገር» ወደሚለው እንዳንሄድ እፈራለሁ። ማን ተናገረ የሚለው ነፍስ ያጠፋል።

ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት። ላኩዊላ የምትባለው የጣሊያን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 መጀመሪያ ላይ ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጥ ስትናወጥ ቆየች። መጋቢት 31 ባለሙያዎች ስብሰባ ተጠሩ። ስብሰባው ሳይጀመር የሲቪል ጥበቃው (የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤቱ) ምክትል ኃላፊ ለቴሌቪዥን ቃል ሰጠ። የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያ አይደለም። ጉልበቱ በትንንሹ እየወጣ ስለሆነ ሁኔታው ጥሩ ነው፣ አደጋ የለም አለ። ይህ በሳይንስ የተሳሳተ ነው። ትንንሽ መንቀጥቀጦች የትልቁን ጉልበት አያስተነፍሱትም፣ በመጠን መለኪያው አንድ ደረጃ መውጣት ማለት ጉልበቱ 32 ጊዜ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው።

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሳይንቲስቶች ትልቅ መንቀጥቀጥ ላይመጣ ይችላል፣ ግን አይመጣም ማለትም አይቻልም ነው ያሉት። ትክክል ናቸው። ወጥተው ግን የሰውየውን ንግግር አላረሙም። የከተማው ሰው መሬት ሲንቀጠቀጥ ከቤት ወጥቶ ደጅ የማደር የቆየ ልማድ ነበረው። ሚያዝያ 6 ሌሊት፣ ከትልቁ በፊት ሲናወጥ፣ አደጋ የለም መባሉን ሰምተው ቤታቸው የቆዩ ነበሩ። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትልቁ መጣ። ከ300 በላይ ሰው ሞተ።

በ2012 ስድስቱ ሳይንቲስቶችና ኃላፊው ስድስት ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። በ2014 ሳይንቲስቶቹ በይግባኝ ነጻ ወጡ፣ የኃላፊው ቅጣት ወደ ሁለት ዓመት ወረደ። ፍርዱ ላይ ብዙ ተከራክረናል፣ እኔም ሳይንቲስት መተንበይ ስላልቻለ መታሰር የለበትም ባይ ነኝ። ግን የሚያውቀው ሰው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ እያለ የማያውቀው ማይክሮፎን ፊት መቆሙን መቼም አልረሳውም። ስለዚህ ለጥያቄሽ የእኔ መልስ፦ አጥኚው ራሱ ተናጋሪ ባይሆንም፣ በስሙ የተነገረውን አዳምጦ የማረም ግዴታ አለበት። ያኔውኑ።


ማይክሮስኮፕ፦

ዐለት ቆጣሪ፣ የመጨረሻዋ ነገር ትክክል ናት። እኔም የዚያን ጋዜጣዊ መግለጫ እርማት መጠየቅ እችል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ስለ ቃላት። ሰው «ይሄ እኮ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው» ሲል የሚያስበው ገና ያልተፈተነ ግምት ነው። ለዚያ እኮ «መላ ምት» የሚል ጥሩ ቃል አለን። ንድፈ ሐሳብ ብዙ ፈተና ያለፈው ነው። ሁለቱን የሚለይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብንጨምር ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። ቃሉ ሲያስቸግር ደግሞ ማሳየት ይሻላል። የአሜሪካዋ ቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር በ1986 ፈንድታ ሰባት ሰው ሲሞት፣ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን መርማሪ ኮሚሽኑ ፊት ከሮኬቱ የመገጣጠሚያ ቀለበት የተወሰደ ላስቲክ በመቆንጠጫ ጨምቆ በረዶ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተው። ሲያወጣውና መቆንጠጫውን ሲያላላው ላስቲኩ ወዲያው ወደ ቅርጹ አልተመለሰም። መንኮራኩሯ የተተኮሰችው በብርድ ጠዋት ነበር። ያንን ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።


ማለዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

የማታ ፈረቃ ያልሽውን ሞከርኩት። ለእናቴ ከማስረዳት ይልቅ «ቪዲዮው ያለውን ለእኔ አስረጂኝ» አልኳት። ጀመረች። መሃል ላይ ቆመችና «ስንት ሰው ላይ ነው ያየው ግን?» አለች፣ ራሷ። የቀድሞ ዘጋቢ፣ ያንተን ጥያቄ ነው የጠየቀችው፣ ማንም ሳይነግራት።

ማክሰኞ ሐኪሙ ጋ አብረን ሄድን። ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋ ነበር፣ አራት ናቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብሎ አንድ በአንድ መለሰላት፣ ለኩላሊቷ ደግሞ የደምና የሽንት ምርመራ አዘዘላት። «ይህንን በየጊዜው የምናየው መድኃኒቱ እንዳይጎዳሽ ጭምር ነው» አላት። ከዚህ በፊት ለምን እንዲህ እንዳላላት ስጠይቀው «አልጠየቀችኝም፣ ወረፋውም ረጅም ነበር» አለ። ደስ አላለኝም፣ ግን ቢያንስ ቀና ብሎ ነበር የተናገረው።

ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እየወሰደች ነው። ዛሬ ጠዋት 158 በ90።